እህል ያልቀመሰ ሒሳብ

የክትትል ሠራተኛ ነኝ፤ ወደ ቁማር ሱሰኞች ችሎት የተዛወርኩት ከአደንዛዥ ዕፅ ችሎት ነው። እዚያ ሥራው ግልጽ ነበር። ሽንት ይመረመራል፣ ውጤቱ ይመጣል፣ አለቀ። በሥልጠናው ላይ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ቁማርን ከዕፅና ከአልኮል ጋር በአንድ ምዕራፍ እንደመደቡት ተነገረን። የኒውዮርኳ አምኸርስት ከተማ ለቁማር ሱሰኞች እንዲህ ያለ ችሎት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ የኔቫዳ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ለዚሁ ሕግ አወጣች። እኔም ሱሱ አንድ ከሆነ ክትትሉም አንድ ነው ብዬ አረፍኩት።

የመጀመሪያ ባለጉዳዬ ገንዘብ ያዥ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ ለውርርድ አውሎ በእምነት ማጉደል ተከሰሰ። ጥፋቱን ሲያምን፣ በእስር ፈንታ እንዲታከምና የወሰደውን በየወሩ እንዲመልስ ተፈቀደለት። ሌባን ማሽሞንሞን ነው የሚሉ አሉ። ሰውየው ቢታሰር ግን ድርጅቱ ገንዘቡን ከየት ያገኛል?

ቀጠሮ አያሳልፍም። በየወሩ የባንክ ስቴትመንቱን ሳይታጠፍ በክላሰር ይዞ ይመጣል። ደመወዝ ይገባል፣ ኪራይና የዕዳ ክፍያ ይወጣል። የውርርድ ሽታ የለም። ሁለት ወር ሙሉ «መልካም ለውጥ አሳይቷል» ብዬ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ወር አንዲት አንጋፋ ባልደረባዬ ወረቀቱን አነሱና በጣታቸው መስመር በመስመር ወረዱ።

«ይሄ ሰውዬ አይበላም እንዴ?»

«እንዴት?»

«ዳቦ የለ፣ ነዳጅ የለ፣ የስልክ እንኳ የለ። በአየር ነው የሚኖረው?»

ሌላ ካርድ ነበረው። የትርፍ ሰዓት ክፍያው እዚያ ይገባል። ይበላበታል፣ ይወራረድበታልም። ዳኛዋ ሲጠይቁት አልካደም። ቀና ብሎ እኔን አየኝና አንገቱን ደፋ። ሪፖርቴ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ የት ልግባ!

ይባረራል ብዬ ነበር። ዳኛዋ ግን አገረሸበት እንጂ አልጠፋም አሉ። ገቢውን በሙሉ እህቱ እንድትይዝ፣ የብድር ታሪኩ እንዲቀርብ፣ ከቁማር ቤቶች ራሱን እንዲያስከለክል አዘዙ። የወሩ ቀጠሮም ሳምንታዊ ሆነ።

አሁን እህቱ ደረሰኞቹን በላስቲክ አስራ ትልክልኛለች። ትናንት የዳቦ ሦስት፣ የነዳጅ ሁለት፣ የጫማ ጥገና አንድ ቆጠርኩ። አንዱ ዘይት ነክቶት ስለነበር ለማንበብ መስኮት ላይ ለጥፌ ማየት ነበረብኝ።