ብር የማን ዕዳ ነው? የታሪክ ምሩቅ ለብሔራዊ ባንክ ፈተና ሲዘጋጅ

የብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ያወጣውን መግለጫ ሰሞኑን ከላይ እስከ ታች፣ አንድም መስመር ላይ ሳልደናቀፍ አነበብኩት። የፖሊሲ ወለድ ተመኑ (ብሔራዊ ባንክ ከባንኮች ጋር ሲገበያይ መነሻ የሚያደርገው ወለድ) በ15 በመቶ እንዲቆይ፣ የባንኮች ብድር ዓመታዊ የዕድገት ጣሪያ ደግሞ ከ14 ወደ 18 በመቶ ከፍ እንዲል ያን ጊዜ ተወስኖ ነበር። ሁለቱ ውሳኔዎች ለምን ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ገባኝ። ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ዘመኑን በዜና መዋዕል፣ በገድልና በመንገደኞች ማስታወሻ መካከል ላሳለፈ የታሪክ ምሩቅ ግን ትልቅ ነገር ነው። ደስ ብሎኛል፤ ከታሪክ፣ ከቋንቋ ወይም ከፍልስፍና ትምህርት ክፍል ወጥታችሁ የብሔራዊ ባንክን የቅጥር ፈተና ለምታስቡም ይጠቅማል ብዬ መንገዴን አካፍላለሁ።

መነሻውን በአጭሩ ልለፈው። ከሁሉ በፊት የሥራ ማስታወቂያውን የትምህርት መስክ ዝርዝር አንብቡ፤ ለአንዱ መደብ የተፈቀደው መስክ ለሌላው ላይፈቀድ ይችላል፤ መስፈርቱን ሳያዩ ወራት መልፋት ልብ ይሰብራል። እንግሊዝኛውና የንባብ ግንዛቤው ለእኛ የሚከብዱ አይደሉም፤ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ፍሬ ነገሩን ማውጣት ዕድሜያችንን ሙሉ የሠራነው ሥራ ነው። የቁጥር ጥያቄዎቹ በአብዛኛው ከመቶኛ፣ ከንጽጽርና ከሰንጠረዥ ንባብ አይወጡም። የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ተመልሶ በእጅ ቢሠራ ይበቃል።

ስለ መቶኛ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ1985 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን ሲቀየር አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ። ዶላሩ በብር ሲለካ በ141.5 በመቶ ግድም ጨመረ፤ ብሩ በዶላር ሲለካ ግን በ58.6 በመቶ ነው የቀነሰው። ለውጡ አንድ ነው፤ ሁለት ቁጥር የወጣው መነሻው ስለተለያየ ነው። በወረቀት ላይ 2.93ን አንድ ጊዜ ለ2.07፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የአንድ ብርን ዋጋ በዶላር፣ ማለትም 0.483 (1 ለ2.07 ሲካፈል) እና 0.2ን (1 ለ5 ሲካፈል) ይዛችሁ ልዩነቱን ለ0.483 አካፍሉት። ይህን በእጁ የሠራ ሰው “በመቶ” የሚል ጥያቄ ሲመጣለት አስቀድሞ “ከምን?” ብሎ ይጠይቃል። እንደኔ እምነት ከመቶ የልምምድ ጥያቄ ይልቅ ይህ አንድ ስሌት ያስተምራል።

አሁን ወደ ዋናው ቋጠሮ። ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ የማዕከላዊ ባንክ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ በሁለተኛው ገጽ ላይ በዝውውር ያለ ገንዘብ የማዕከላዊ ባንኩ ዕዳ ነው ይልና ያልፋል። እንዴት ዕዳ ይሆናል? በእጄ ያለ መቶ ብር ለእኔ ሀብት ነው፤ ባንኩ ያሳተመው ወረቀት ነው፤ ወስጄ “ክፈለኝ” ብለው የሚሰጠኝ ሌላ መቶ ብር ነው። ታዲያ ምን ተበድሮኝ ነው? ትርጉሙን በቃሌ ይዤ ማለፍ እችል ነበር፤ ሐረጉን ሸምድዶ መመለስ አይከብድም። ነገር ግን ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ባንኩ ወርቅ ሲገዛ የትኛው ወገን ይጨምራል ሲባል፣ የሸመደድኩት ሁሉ ይበተንብኝ ነበር።

በሩን የከፈተልኝ የራሴ ትምህርት ነው። የማርያ ትሬዛን ጠገራ ብር አስቡት። ዋጋው በራሱ ውስጥ ያለ ብረት ነው፤ ነጋዴው ይመዝነዋል፣ ያንኳኳዋል፣ ይቀበለዋል፤ ጠገራው የማንም ዕዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ (ዛሬ በዚያ ስም ከሚጠራው የግል ባንክ የተለየ ነው) የወረቀት ኖት ሲያወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ኖቱ በጠገራ የሚመነዘር የተስፋ ቃል ነበር። ወረቀቱን የያዘ ሰው ሁሉ የባንኩ አበዳሪ ነው፤ ባንኩም ቃሉን ለመጠበቅ ጠገራ ማከማቸት ነበረበት። በአንድ ወገን የተከማቸው ጠገራ፣ በሌላው ወገን ሰው እጅ ያለው ኖት፦ ሀብትና ዕዳ ይኸው ነው።

ዛሬ ኖቱን ይዞ ሄዶ ብረት የሚቀበል የለም፤ መዝገቡ ግን ከነአሠራሩ ቆየ። የዛሬው ቃል ኪዳን ብረት ለመስጠት ሳይሆን የብሩን የመግዛት አቅም ለመጠበቅ ነው። ይህን ስረዳ የባንኩ ሕግም አብሮ ተከፈተልኝ። አዋጅ ቁጥር 591/2000 ለባንኩ የተረጋጋ ዋጋንና የምንዛሪ ተመንን፣ ጤናማ የፋይናንስ ሥርዓትን፣ ለፈጣን የኢኮኖሚ ዕድገት የሚያመቹ ሥራዎችንም በአንድነት ሰጥቶት ነበር። አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1359/2017 የዋጋ መረጋጋትን ቀዳሚ ዓላማ አድርጎ ለይቶታል። ሁለቱን የዓላማ አንቀጾች ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ለታሪክ ተማሪ የለመደው ሥራ ነው፤ አንድ ሰነድ ከሌላው የሚለየው በምን እንደሆነ ማየት ነውና።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ያዝኩ፤ ከመሣሪያዎቼ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ባለመስመር ደብተር፣ በገጹ መካከል ወደ ታች የተሰመረ አንድ መስመር። በስተግራ የብሔራዊ ባንክ ሀብት፣ በስተቀኝ ዕዳው። በዜና የምሰማውን እያንዳንዱን እርምጃ እዚያ ላይ እጽፋለሁ፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል ካልሆኑ አልገባኝም ማለት ነው።

ወርቁን እንውሰድ። ብሔራዊ ባንክ ከባህላዊ አምራቾች የመጣ ወርቅ ይገዛል። የ10 ሚሊዮን ብር ወርቅ ገዛ እንበል። በግራ “ወርቅ” ከሚለው ትይዩ 10 ይጨመራል። ገንዘቡ የሚገባው በሻጩ ባንክ በኩል ነውና በቀኝ “የባንኮች ተቀማጭ” ላይ 10 ይጨመራል። ይህ 10 ሚሊዮን ከማንም ኪስ አልወጣም፤ አዲስ ገንዘብ ነው። ወርቁ ለአገር የውጭ ምንዛሪ ክምችት ጥሩ ሆኖ ሳለ በዋጋ ንረት በኩል ግን ስጋት የሚያመጣው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ብሔራዊ ባንክ በክፍት ገበያ ጨረታ (ባንኮች ወለድ ለማግኘት ተጫርተው ገንዘባቸውን ለጊዜው እሱ ዘንድ በሚያስቀምጡበት) ገንዘቡን ልሰብስብ ሲል በቀኝ በኩል ብቻ ለውጥ ይደረጋል፦ ከባንኮች ተቀማጭ 10 ይቀነሳል፣ “ለጨረታ አሸናፊዎች የሚከፈል” በሚለው ላይ 10 ይጨመራል። ድምሩ አልተለወጠም፤ ባንኮቹ ለጊዜው ሊያበድሩት የማይችሉት ሆነ እንጂ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው በወለድ ላይ የተመሠረተ የፖሊሲ አሠራርና የ15 በመቶው ተመን ምን እንደሚሠራ በእነዚህ ሁለት መስመሮች ውስጥ አየሁት።

የሚቀጥለው ደግሞ ብዙ ማታ ያስመሸኝ ነው። በ2003 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ታዝዘው ነበር፤ የአምስት ዓመት ሰነድ፣ ሲጀመር በ3 በመቶ ወለድ። ግዴታው እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ቆየ። መቶ ብር ያበደረ ባንክ 27 ብር ለሰነዱ ይከፍላል፤ ስለዚህ 127 ብር ማግኘት አለበት። መጀመሪያ ይህ ገንዘብን ከገበያ ማውጣት ይመስለኝ ነበር። በደብተሩ ላይ ሳሰፍረው ግን ሌላ ታሪክ ወጣ። በቀኝ በኩል የባንኮች ተቀማጭ በ27 ቀንሶ የሰነዱ ዕዳ በ27 ይጨምራል፤ እስከዚህ እንደ ጨረታው ነው። ነገር ግን ገንዘቡ በአብዛኛው ለልማት ባንክ ይተላለፍ ስለነበር በግራ ለልማት ባንክ የተሰጠ ብድር 27፣ በቀኝ ደግሞ ተቀማጭ 27 ተመልሶ ይገባል። ልማት ባንኩ ለተበዳሪዎቹ ሲያከፋፍለው ያው ገንዘብ ወደ ባንኮች ይዞራል። እንግዲህ መመሪያው ገንዘብ አላጠፋም፤ ማን እንደሚበደር ነው የወሰነው። ይህን ማንም ሳይነግረኝ ከሁለት ዓምድ ሳወጣው የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለ አጠናን ያለኝን አቋም ሳልሸፍን ልናገር። በቴሌግራም የሚዞሩትን “ያለፉ ፈተናዎች” የሚባሉ የጥያቄ ጥርቅሞች አልወዳቸውም። መልሳቸው ማብራሪያ የለውም፣ ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከዚያ በፊት የተጻፈ የምንዛሪ ጥያቄና መልስ ይዞ መግባት አደገኛ ነው። ጊዜ ካላችሁ አዋጁንና የባንኩን የራሱን መግለጫዎች አንብቡ። ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ እነዚያኑ አንብቡ፤ ጥርቅሙን ተዉት። ይህን ስል የቁጥር ልምምድን አልነካም፤ እዚያ ላይ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ፍጥነት ደግሞ ከብዛት ነው የሚመጣው።

ዓመተ ምሕረት መሸምደድን በተመለከተ የኛ ሰዎች ብርታት አለን፣ ግን በራሱ ብዙ አያራምድም። ብሔራዊ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ሥራ እንደጀመረ ማወቅ ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ኖት የማውጣቱንም የንግድ ባንክነቱንም ሥራ አንድ ላይ ይዞ እንደነበረና ሁለቱ ለምን እንደተለያዩ ማስረዳት ግን ይበልጣል። አበዳሪውና የአበዳሪዎች ተቆጣጣሪ አንድ ቤት ሲሆኑ ምን እንደሚፈጠር በጽሑፍ መልስ ላይ መተንተን የሚችል ምሩቅ ከማንም አያንስም።

ገና ያልተሻገርኩትም አለ። የባንኮች የካፒታል ብቃት ስሌት (የባንኩ የራሱ ገንዘብ ካበደረው ስጋት ጋር የሚመዘንበት) ላይ ዝግተኛ ነኝ፤ ለየብድሩ ዓይነት የሚሰጠውን የስጋት ክብደት ሳባዛ ሰዓቱ ያልቅብኛል። የውጭ ክፍያ ሚዛን ደግሞ ከዚህ ይብሳል፦ ከውጭ የሚላከው የዘመድ ገንዘብ የት እንደሚገባ አውቃለሁ፣ የዕዳ ሽግሽግ ሲመጣ ግን አሁንም እጄ ይቆማል። በዚህ ሳምንት ያንን በሁለት ዓምድ ለመጻፍ ጀምሬያለሁ። የሒሳብ አያያዝ የተማራችሁ ካላችሁ አንድ የተሠራ ምሳሌ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል፤ እኔም በለውጡ የአዋጆቹን የዓላማ አንቀጾች ያነጻጸርኩበትን ማስታወሻ እልካለሁ።