ቴርሞሜትሩ ግድግዳ ላይ፣ አይጦቹ ኬጅ ውስጥ

ጅማ በክረምት ልብስ ታጥቦ ሦስት ቀን አይደርቅም። እኔ አንዱን ክረምት ያሳለፍኩት ከ30 ነጭ አይጦች ጋር ነው።

ለማስተርስ ጥናቴ አንድ የባህል መድኃኒት ቅጠል ወባ ላይ ይሠራ እንደሆነ እየፈተንኩ ነበር። ለዚህ የምንጠቀምበት ተውሳክ ፕላዝሞዲየም በርጋይ ይባላል። አይጥን ያሳምማል፣ ሰውን አይነካም። 5 ኬጅ፣ በየኬጁ 6 አይጥ። የእንስሳት ቤቱ የማን እንደሆነ ልለፈው፤ ጥፋቱም አብዛኛው የኔው ነው።

መመሪያው ለአይጥ ክፍል ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት፣ ከ30 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይላል። በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ቴርሞሜትር ጠዋትና ማታ አያለሁ፣ እመዘግባለሁ። 22፣ 21፣ 22። መዝገቤን ያየ ሰው ይቀናል። እርጥበቱ ግን 70ን በየቀኑ ያልፋል። እሱን ማውረድ አልቻልኩም፤ መኖው እንዳይሻግት ብቻ ከወለሉ አንስቼ ርብራብ ላይ አስቀመጥኩት።

ወባ የያዛት አይጥ እንደኛ ትኩሳት አይኖራትም፣ ትቀዘቅዛለች። ስለዚህ የሰውነት ሙቀቷን እንለካለን። አራተኛው ቀን ላይ ውጤቱን ሳይ ልቤ ዘለለ። መድኃኒት ያላገኘው ኮንትሮል ቡድን ክፉኛ ቀዝቅዟል፤ ቅጠሉን ያገኙት ደህና ናቸው። እየሮጥኩ አማካሪዬ ጋ ሄድኩ። ወረቀቱን አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ኬጅ አንድ የት ነበር የተቀመጠው?»

ኬጆቹን በቁጥራቸው ነበር የደረደርኳቸው። ሥርዓት ያለው ሰው መስዬ። አንድ ቁጥር ማለት ኮንትሮሉ ነው፤ ቦታው የመደርደሪያው ጫፍ፣ መስኮቱ ሥር።

በማግስቱ ጥበቃውን ለምኜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገባሁ። ቴርሞሜትሩን ከበሩ ነቅዬ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩትና ጠበቅሁ። 17። በሩ ጋ 21 ነበር። አይጥ ትንሽ ናት፣ ሙቀቷ ቶሎ ያመልጣል። የሚመቻት ወደ 30 ዲግሪ ነው፤ 20 ላይ እንኳ የበላችውን እያቃጠለች ነው የምትሞቀው። ታማ 17 ላይ ስትሆን ምን እንደምትሆን አስቡት። እኔ የለካሁት የቅጠሉን ኃይል ይሁን የመስኮቱን ብርድ በምን አውቃለሁ?

ታዲያ ምን አደረግኩ? መስኮቱን በላስቲክ ጠረቀምኩት፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፍኩት። ሞቀ። ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን እንስሳቱን የሚንከባከቡት አባት እጄን ይዘው ወደ መደርደሪያው ወሰዱኝ። «ልጄ፣ ቆመህ አታሽትት። ክዳኑን ክፈትና አፍንጫህን አስገባ።» ጎንበስ አልኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። አሞኒያ ነው። ሽንታቸው ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያ ይሰባብረዋል፤ እርጥብና ሙቅ ሲያገኝ ደግሞ ይፈጥናል። እኛ ቆመን ስንገባ ክፍሉ አይሸትም፤ አይጧ ግን አፍንጫዋን ሰጋቱራው ላይ ደፍታ ነው የምትውለው። የክፍሉ አየር በሰዓት ከ10 እስከ 15 ጊዜ መለወጥ አለበት ይባላል። እኔ ጭራሽ ዘግቼዋለሁ።

መፍትሔው ርካሽ ሆኖ ተገኘ። ላስቲኩን ቀደድኩ፣ የላይኛውን መስኮት በወንፊት ሽቦ ሸፍኜ ከፈትኩት፣ መደርደሪያውን ወደ ማዶ ግድግዳ አዞርኩት። በየኬጁ የተቀዳደደ ሶፍት ጨመርኩ። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ስድስቱም አንድ ላይ ተጠቅልለዋል፤ ከሶፍቱ የሠሩት ጎጆ እንደ ጥጥ ኳስ ክብ ነው፣ የአንዷ ጭራ ብቻ ወጥቶ ይታያል። ጣቴን ሳስገባ ውስጡ ይሞቃል። ማሞቂያ ሳልገዛ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ኬጆቹን በየቀኑ ቦታ አቀያይራለሁ።

ሰጋቱራውም የራሱ ታሪክ አለው። ጅማ በርጩማና የቤት ዕቃ የሚሠራበት ከተማ ነው፣ ሰጋቱራ ሞልቷል። የመጀመሪያው ጆንያዬ ደስ የሚል የጥድ ሽታ ነበረው። ያ ሽታ ነው ችግሩ። እንዲህ ያለ እንጨት የሚተነው ዘይት መድኃኒት የሚሰባብሩትን የጉበት ኢንዛይሞች ያነቃቃል። መድኃኒት እየፈተንክ ጉበቱን በሌላ በኩል እየነካካህ ነው። አሁን ሽታ የሌለው፣ ኮላና ቫርኒሽ ያልነካው ብቻ እወስዳለሁ። ብናኙን ነፍቼ አውጥቼ አውቶክሌቭ (በግፊት ባለ ትኩስ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ አስገባዋለሁ።

መብራቱን ደግሞ ታይመር ነው የሚያበራው። 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ። የኛ ሰዓት አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል፤ ጠዋት 12 ይበራል፣ ማታ 12 ይጠፋል። ግን የኔ ታይመር ባትሪ የለውም። መብራት ሦስት ሰዓት ከጠፋ እሱም ሦስት ሰዓት ይቆማል። አንድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስገባ ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ አይጦቹ ይራወጣሉ። ለእነሱ ገና ሌሊት ነው። እኔ ደግሞ ልመዝናቸው ነው የመጣሁት! አሁን መብራት በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ታይመሩን ነው።

ሙከራውን ከመጀመሪያው ደገምኩት። በሁለተኛው ዙር የሰውነት ሙቀት ልዩነቱ ብን ብሎ ጠፋ። ቅጠሉ ተውሳኩን መቀነሱ ግን አልጠፋም፣ ትንሽ ቢሆንም። የመመረቂያ ጽሑፌ መጨረሻ ላይ የክፍሉን ንድፍ አባሪ አድርጌ አስገባሁ፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ አምስቱ ኬጆች በየቀኑ የነበሩበት ቦታ። አማካሪዬ አይቶት ሳቀ።