የሥጋ ቤቱ ታፔላ

ቡሬ ላይ ታፔላ እሠራለሁ። ባነር ከመጣ ወዲህ በእጅ የሚያሠራ ሰው ቢቀንስም ሥጋ ቤቶች ግን አልራቁኝም፤ በሬ ስለምችልበት ነው።

አንድ ሙስሊም ወጣት ቤተሰቡ ለሚከፍተው ሥጋ ቤት ታፔላ አዘዘኝ፤ ከጨረቃው ጎን ቀንዳም በሬ ይሁንልኝ አለ። ቀብድ ተቀብዬ ጀመርኩ። ቀንዱና ሻኛው አልቆ ዓይኑ ላይ ነጯን ነጥብ ላሳርፍ ስል አባትየው ሐጂ ከኡስታዙ ጋር መጡ። በሬን በሬ የምታደርገው ያቺ ነጥብ ናት።

ሐጂ ቆመው አዩት። «እጅህ ይባረክ ልጄ፤ ግን ይኼ እኔ ደጃፍ አይሰቀልም» አሉኝ። ልጁ አቀረቀረ።

ኡስታዙ አስረዳኝ። ነፍስ ያለውን የሚሥሉ ሰዎች በቂያማ (በትንሣኤ) ቀን «የፈጠራችሁትን ሕያው አድርጉት» እንደሚባሉ የነቢዩ ሙሐመድ ንግግሮች (ሐዲሶች) በተሰበሰቡባቸው በቡኻሪና በሙስሊም መጻሕፍት ተዘግቧል። እኔ ጣና ላይ ያለችውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን ባለ ሥዕል ግድግዳ እያየሁ ሥዕል የወደድኩ ክርስቲያን ነኝና ነገሩ ከበደኝ። «ታዲያ ሐጂ መካ ሲሄዱ ፓስፖርት ላይ ፎቶ አልነበራቸውም?» አልኩት። አልተቆጣም። ፎቶ ላይ ዑለሞቹ (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) ይለያያሉ አለኝ፦ የግብፁ ሙፍቲ ሼህ ሙሐመድ በኺት ጥላን መያዝ እንጂ መፍጠር አይደለም ብለው ፈቅደዋል፤ የሳዑዲው ሼህ ኢብን ባዝ ግን እንደ ፓስፖርት ላለ ግድ ካልሆነ በቀር ከልክለዋል። በእጅ የሚሣለው ላይ አብዛኞቹ ጠበቅ ያደርጋሉ፤ ማሊኪ ከሚባለው የሕግ መዝሀብ ሊቃውንት መካከል ጥላ የሌለውን (ጠፍጣፋውን) ሥዕል የተጠላ ነው ብለው የሚያልፉት አሉ።

ልቤን የነካው ግን ከዚያ በኋላ የነገረኝ ነው። ከ1300 ዓመት በላይ አስቀድሞ አንድ ሠዓሊ የነቢዩ የአጎት ልጅ ኢብን ዐባስ ዘንድ ሄዶ «እንጀራዬ ይኼ ሥዕል ነው» አለው። ኢብን ዐባስ ከነቢዩ የሰማውን ሐዲስ ሲነግረው ሰውየው ፊቱ ገረጣ። ኢብን ዐባስም የግድ መሥራት ካለብህ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ሣል አለው። ያ ሰው የእኔው ሙያ ባልደረባ ነው። ብሩሽህን ጣል አልተባለም፤ መተዳደሪያው ታስቦለት መውጫ ተሰጠው። ይኼን ያህል ለሠራተኛ የተጠነቀቀ መልስ ብዙ አልሰማሁም።

ልጁ «ጭንቅላቱን ብቻ እናጥፋው?» አለ። ኡስታዙ እሱም መሠረት እንዳለው ነገረው፤ ጭንቅላቱ ከተቆረጠ እንደ ዛፍ ይቆጠራል የሚል ሐዲስ አለ። ሐጂ ግን ጭራሽ ይጥፋ አሉ። ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበር በነጭ ጋዝ ጠረግኩት፤ በቦታው ሚዛን፣ ቢላዋና ቅርንጫፉ የተንሰራፋ ዋንዛ ሣልኩ።

ከዚያ ወዲህ ቀብድ ከመቀበሌ በፊት የቤቱ ባለቤት ራሱ ምን እንደሚፈልግ እጠይቃለሁ፤ ሙስሊም ደንበኛ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጠኝም።

ሐጂ ሒሳብ ሲከፍሉ ለጠፋውም በሬ ጨምረው ከፈሉ። አልቀበልም ብል «የላብህ ነው» ብለው ኪሴ ከተቱት።