«አትንኩ» የማይባልበት ክፍል

ጎብኚ ቆዳውን በገዛ እጁ እየፋቀ የብራናን ሙያ የሚያውቅበት አንድ ክፍል ጎንደር ላይ ከፍቻለሁ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው ሰው እኔ በገባሁበት ጣጣ እንዳይገባ ነው፤ እኔን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም።

የቤት ኪራዩ፣ የንግድ ፈቃዱ፣ ወንበርና ጠረጴዛው በወጉ አለቀ። ቁም ጸሐፊ መሪጌታ ለማግኘትም አልተቸገርኩም። የቅርስ ባለሙያዎች ግን ብራናውን መስታወት ውስጥ አስገብቼ ግድግዳው ላይ የሚነካ ስክሪን እንድሰቅል መከሩኝ። እንኳንም አልሰማኋቸው። መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ ትምህርት አልፈለግሁም። ደግሞም ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ፋሲል ግቢን ሲዞርና ማብራሪያ ሲሰማ ውሎ ነው፤ ጆሮው ጠግቧል፣ እጁ ግን ሥራ ፈትቷል።

ስለዚህ የተነከረ የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረን መፋቂያውን እናስይዘዋለን። ስለቱ ትንሽ ከጠለቀ ቆዳው ይበሳል፤ ተወጥሯልና ቀዳዳው ወዲያው ሰፍቶ እንደ ዓይን ይከፈታል። ልጆች ይደነግጣሉ። ያን ጊዜ መሪጌታ «አይዞህ ልጄ፣ እኔም በስቼዋለሁ» ብለው በወጣትነታቸው የጻፉትን የብራና ቅጠል ያወጣሉ። ቀዳዳው በክር ተሰፍቷል፤ ጽሑፉም ስፌቱን ሸሽቶ ወዲያና ወዲህ ያልፋል። ልጁ ጣቱን በስፌቱ ላይ ሲያስኬድ ማየት ለእኔ ከማንኛውም ስክሪን ይበልጣል።

ችግሩ የመጣው ከመጨረሻው ሥራ ነው። ጎብኚው በመቃ ብዕርና በጥቀርሻ ቀለም ስሙን በቁራጭ ብራና ላይ ጽፎ ይዞ እንዲሄድ አድርገን ነበር። ከአሜሪካ ልጆቿን ይዛ የመጣች አንዲት እናት ከአውሮፕላን ማረፊያ ደወለችልኝ። የልጆቿ ስም የተጻፈበት ብራና «ቅርስ ነው» ተብሎ ተይዟል። ልጆቹ ሲያለቅሱ በስልኩ ይሰማኛል።

ጥንቃቄው ለምን እንደመጣ አውቃለሁ። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ዛሬም ለንደን ናቸው። ከዚያም ወዲህ ከአብያተ ክርስቲያናት እየተሰረቁ የወጡ አሉ። ሌባ የሚያስቆም ሠራተኛ ምስጋና ይገባዋል። ግን ትናንት የተፋቀ ቆዳና የዘመናት እጅ ያወዛው ቅጠል እንዴት አንድ ይሆናሉ? በዚያ ላይ የሕፃን ስም በላቲን ፊደል ተጽፎበት!

አዲስ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ፍለጋ ወጣሁ። አንዱ ቢሮ «የእጅ ሥራ ስለሆነ ንግድን ጠይቅ» አለኝ። ንግዶቹ «ብራና ስለሆነ ባህልን ጠይቅ» አሉኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ማኅተም ያዡ ፈቃድ ላይ ነው፣ ነገ ና። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አንብቤ ይዤ ብሄድም ወረቀቱን ገልጦ ያየልኝ አልነበረም። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ መሪጌታንና የተወጠረውን ቆዳ ይዤ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። አንድ ባለሙያ መፋቂያውን ተቀብሎ ጥቂት ፋቀ፣ እጁንም አሸተተ፤ በዚያው ዕለት ደብዳቤው ተጻፈ። የእናትየዋ ልጆች ብራና ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ጎብኚ ይዞት የሚሄደው ነገር ካለ በር ከመክፈታችሁ በፊት ደብዳቤውን ያዙ። ቃል አትመኑ፤ ቁጥርና ማኅተም ያለው ይሁን። «አስመስሎ የተሠራ የሚል ምልክት ያበላሸዋል» የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው። እኛ ዛሬ በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ የተሠራበትን ዓመተ ምህረትና የቤታችንን ስም በቀይ ቀለም እንጽፋለን፤ ጎብኚው ሲፋቅ የተነሳውን ፎቶግራፍም ከደብዳቤው ቅጂ ጋር እንሰጠዋለን። ለአዲስ ብራና አንድ ወጥ ቅጽ እንዲዘጋጅ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። መልስ እስኪመጣ ድረስ መጠየቄን አልተውም።