ፖርቶቤሎ ገበያ ያየኋት ጎራዴ

ቅዳሜ ለንደን ፖርቶቤሎ ሮድ አንቲክ የሚሸጥበት ጋ ስዞር አንዲት አሮጌ የእንግሊዝ መኮንን ጎራዴ አይኔ ውስጥ ገባች፣ ሻጩ ሽማግሌም ያዛት ግድ የለም ብሎ እጄ ላይ አስቀመጣት፣ ከጠበቅኩት በላይ ቀላል ነች ባካችሁ።

እጀታዋ በአሳ ቆዳ ተለብጦ በላዩ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞበታል፣ እጅ ቢያልበው እንዳያዳልጥ ነው። የእጅ መከላከያው ነሐስ ሆኖ መሃሉ ላይ ቪ እና አር የሚሉ የተጠላለፉ ፊደሎች አሉ፣ ቪክቶሪያ ሬጂና ማለት ነው፣ ንግሥቲቱ። የ1845 ሞዴል የሚሏት ነች (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። መጀመሪያ ላይ የመከላከያው አንዱ ጎን ይታጠፍ ነበር፣ 1854 ላይ ግን ቀረ፣ የዚች አይታጠፍም።

ደሞ የሚገርመው መኮንኖቹ ጎራዴ የሚገዙት ከራሳቸው ኪስ ነበር፣ ለዛ ነው ጥራቱ እንደየኪሱ የሚለያየው። ዊልኪንሰን የሚባለው የለንደን ጎራዴ ሰሪ ድርጅት የሰራው ጥሩ ከሆነ የስለቱ ጀርባ ላይ ሲሪያል ቁጥር ይኖረዋል፣ በሱ ከድርጅቱ መዝገብ የተሸጠበትን ጊዜ፣ አንዳንዴ የገዢውንም ስም ማግኘት ይቻላል። እኔም የሞባይሌን መብራት አብርቼ ፈለግኩ፣ ዝገት ብቻ።

ግን እውነቱን ለመናገር ሆዴን ያባባው ሌላ ነገር ነው፣ 1868 ከናፒየር ጋር መቅደላ የወጡት የእግረኛ ጦር መኮንኖች ዘመን ጎራዴ እኮ ይሄ ነው። ያቺው ራሷ ነች አላልኩም! ብቻ አፎቷ ውስጥ መለስኳትና ዋጋዋን እንኳን ሳልጠይቅ ቡና ፍለጋ ሄድኩ።