ከቀበና እስከ ለገሃር፦ ውሃና ባቡር የሄዱበት መንገድ

አዲስ አበባ መሃል መኪና ሳያስደነግጣችሁ ሳይክል መንዳት ይቻላል። ሁሉም ቦታ አይደለም፣ በሁሉም ሰዓትም አይደለም። እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቀበና ከተገኛችሁ ግን ይቻላል።

የአክስቴ ልጅ ለእረፍት መጥታ ነበር። የምትኖረው ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ነው። እዚያ ቅዳሜና እሁድን የምታሳልፈው ሚዲ በሚባለው ቦይ ዳር ሳይክል እየነዳች ነው። "እስቲ አዲሱን አዲስ አበባ በሳይክል አሳየኝ" አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሳይክል ከሚወድ ሰው ጋር ከተማውን ማየት ሌላ ነገር ነው።

ሁለታችንም የያዝነው ወፍራም ጎማ ያለው ሳይክል ነው፣ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ማታውኑ ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ጋ ሄደን ነፋሱን አስቀነስን። ልጁ ሊሞላው ሲል "ኧረ ቀንስልን" ስንለው ግራ ገባው። ነገሩ ቀላል ነው፦ በጣም የተነፋ ጎማ ጠጠር ላይ ይነጥራል፣ ትንሽ ለስለስ ያለው ግን ጠጠሩን አቅፎ ያልፋል፤ እጅም አይደነዝዝም። በጣም ከቀነሰ ደግሞ የውስጡ ጎማ ተቆንጥጦ ይፈነዳል። በጣት ስትጫኑት ትንሽ እሺ ካለ በቂ ነው።

የወንዝ ዳር ልማቱ ከእንጦጦ ተነስቶ በቀበና በኩል ወደ ፒኮክ መናፈሻ ይወርዳል። እኛ የነካነው ትንሽ ቁራጩን ነው። ሰዓቱ ገና ነበር። ነጠላ የለበሱ እናቶች ከቤተክርስቲያን ይመለሳሉ፣ ወጣቶች ይሮጣሉ። ሰው በዛ ሲል ወርደን እየገፋን ነው የሄድነው፣ ምክንያቱም የወንዝ ዳር መንገድ መጀመሪያ የእግረኛ ነው፤ ሳይክል የያዘ ሰው ደወል እየደወለ እናቶችን የሚያስበረግግ ከሆነ ከመኪናው በምን ተሻለ?

ስለ ቦዩ የነገረችኝ እዚህ ጋ ነው። የሚዲ ቦይ የተቆፈረው እ.ኤ.አ. ከ1666 እስከ 1681 ነው፤ ከቱሉዝ እስከ ሜዲትራኒያን ዳር 240 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ያኔ ሞተር የለም። ጀልባውን የሚጎትቱት በዳሩ የሚሄዱ ፈረሶች ናቸው። ዛሬ ሳይክል የሚነዳበት መንገድ ያ የፈረሶቹ መንገድ ነው። ቱሉዝ አጠገብ አስፋልት ለብሷል፤ ራቅ ሲል አፈርና ጠጠር ይሆናል፣ የዛፍ ሥርም ይበዛዋል። "መኪና የሚባል ነገር ረስተሽ ትውያለሽ?" አልኳት። "ረስቼ እውላለሁ። ዳገትም እረሳለሁ" አለች።

ዳገቱን የምትረሳበት ምክንያት አለው። የቦይ ውሃ ቆሞ እንዲቆይ ነው የሚፈለገው፣ ስለዚህ መሬቱ ከፍና ዝቅ ሲል ጀልባዎቹን በመዝጊያ በሮች መካከል ውሃ እየሞሉና እያጎደሉ ያወጧቸዋል፣ ያወርዷቸዋል። በበሮቹ መካከል ያለው መንገድ ሁሉ ለጥ ያለ ነው። የቦዩ ከፍተኛ ቦታ ራሱ ከባህር ጠለል 190 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የእኛ ወንዞች ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው እንጦጦ ተነስተው አቃቂ ሲደርሱ ወደ 2,100 ገደማ ይወርዳሉ። ወንዙን ተከትሎ ከሰሜን ወደ ደቡብ መውረድ ደስ ይላል፣ ፍሬን ደህና ይሁን እንጂ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሆነ ግን ሸለቆ መቁረጥ ነው፤ ትወርዳለህ፣ ትወጣለህ፣ እንደገና ትወርዳለህ።

ሌላም ነገር አለ። የእነሱ ቦይ ባህር ይደርሳል፤ የእኛ ውሃ አይደርስም። የቀበና ውሃ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባህሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ይህን ስነግራት ብስክሌቷን አቁማ ውሃውን አየችው። ሽታው ገና አልለቀቀም፤ ወንዙ ራሱ ሳይጸዳ ዳሩን ብቻ ማሳመር አይበቃም፣ ይህን ደግሞ የሚያውቀው እዚያው ዳር የሚነዳ ሰው ነው።

ከቀበና ወደ አራት ኪሎ ወጣን። ከዚያ በቤተ መንግሥቱ በኩል አድርገን በሂልተንና በአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ወደ መስቀል አደባባይ ወረድን። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መሃል ከተማው ላይ የሳይክል መስመር የሚባል ነገር አለ። ከዚያ በፊት እዚህ መንገድ ላይ ከሚኒባስና ከአውቶቡስ መሃል እየተሽሎከለኩ ነው የሚነዳው። ለውጡ ትልቅ ነው፣ መናገርም ያለበት ነው።

ግን መስመሩ ድንገት ይቆማል። ጥሩ እየሄዳችሁ መስቀለኛ መንገድ ስትደርሱ የጠርዝ ድንጋይ ይቀበላችኋል፣ ማዶ ደግሞ ከየት እንደሚቀጥል አይታይም። አንድ ቦታ ላይ የፍሳሽ ክዳን አየን። ክፍተቶቹ በአግድም ሳይሆን በመንገዱ አቅጣጫ የተሠሩ ናቸው፣ አንድ ጣት ተኩል ያህል ስፋት አላቸው። ቀጭን ጎማ ያለው ልጅ በፍጥነት ቢመጣ ጎማው እዚያ ውስጥ ይቀረቀርና በግንባሩ ነው የሚተከለው። ክዳኑን አንስቶ ማዞር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ትንሽ ወረድ ብሎ መስመሩ ላይ መኪና ቆሟል። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የሳይክል መንገድ ላይ ነው የቆሙት" አልኳቸው። "አንድ ደቂቃ ነው ልጄ፣ ዳቦ ገዝቼ ልወጣ ነው" አሉኝ፣ በትህትና። የዚህች አንድ ደቂቃ ችግር ሳይክለኛውን ወደ መኪናው መሃል ማስወጣቷ ነው።

መስቀል አደባባይ ያማረ ነበር። የወሩ የመጨረሻ እሁድ ስለሆነ "መንገድ ለሰው" ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረ ነገር ነው፤ መንገዱ ለመኪና ይዘጋና ለሰው ይለቀቃል። አንዲት ትንሽ ልጅ አባቷ ከኋላ ሴላውን ይዞላት ትነዳለች። ሲለቃት አላወቀችም። ራመድ ብሎም ቁና ቁና የሚተነፍሱ ወጣት ተወዳዳሪዎች አሉ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ናቸው። ስለ ሩጫው ሁላችንም እናወራለን፣ ስለ ሳይክሉ ግን ማን ያነሳል?

የድሮው ባቡር ጣቢያ፣ ለገሃር፣ ስንደርስ ሁለታችንም አንድ ነገር አሰብን። ባቡር እንደ ቦይ ነው፣ ዳገት አይወድም። በእንግሊዝም በፈረንሳይም መኪና የማይነካቸው ብዙዎቹ ረጃጅም የሳይክል መንገዶች ሥራ ያቆሙ የባቡር መስመሮች ናቸው፤ ሐዲዱ ይነሳል፣ ጠጠሩ ይደለደላል፣ ድልድዩ ድሮውኑም አለ። የእኛ የድሮ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ከጅቡቲ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። ውሃችን ያልደረሰበት ባህር እሱ ደርሷል። አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ መነሻው ለቡ ሆነ፤ ለገሃር ግን ከዚያ በፊትም ዝም ብላ ነበር።

የድሮው መስመር ከለገሃር ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ ቢሾፍቱና ሞጆ የሚወርድ ነው። የወንዝ ዳሩ ከሰሜን ይመጣል፣ የኮሪደሩ መስመር መሃል ላይ አለ፣ የድሮው ሐዲድ ወደ ደቡብ ይወጣል። ሦስቱን የሚያገናኝ ሦስት ሜትር ስፋት ያለው የተደለደለ ጠጠር ቢኖር አንድ ሰው ከቀበና ተነስቶ ከከተማ መውጣት ይችላል። አዲስ አስፋልት አያስፈልገውም። መሬቱ በሕንፃ ሳይያዝ መተው ነው ዋናው ነገር፤ አንዴ ከተገነባበት አለቀ፣ ማንም አያፈርሰውም።

ቸርችልን ሽቅብ ወጥተን ፒያሳ ማኪያቶ ጠጣን። የአክስቴ ልጅ እስክትሄድ ጊዜ አለን። ቀጣዩ ሐሳባችን ከአቃቂ ወደ ቢሾፍቱ የድሮውን ሐዲድ ዳር ዳሩን መሞከር ነው። በቅርብ የሄደበት ካለ የት የት እንደተቆረጠ ይንገረን።