ውሃው ሲጎድል

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ምናልባት የምንንከባከበውን ረግረግ ሊያይ የመጣ ሰው፣ ውሃውን ሆን ብለን እንደምናጎድለው ሳያውቅ፣ «ረግረጉ ደረቀባችሁ እኮ» ያለኝ ነገር ይሆናል። የተባለው ከልብ በመነጨ ሐዘኔታ ነው፤ ቅር አላለኝም። ግን ረግረግ ከሞላ ዳነ፣ ከጎደለ ሞተ የሚለው እምነት ከየት መጣ?

መጀመሪያ ላይ እውነት አለው። ረግረጉን ለማድረቅ ድሮ የተቆፈረው ማጠንፈፊያ ቦይ ካልተደፈነ ረግረግ አይመለስም። ድፍኑ በሸክላ አፈር፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እየተነጠፈና እየተጠቀጠቀ፣ ከዙሪያው መሬት ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ውሎ አድሮ ዝቅ ማለቱ አይቀርምና። ሥርና ሣር የተቀላቀለበት አፈር ከተጨመረበት ሥሩ ሲበሰብስ ክፍተት ይተዋል፣ ውሃውም በዚያው ሰርስሮ ይሄዳል።

ከሞላ በኋላ ነው ጣጣው። ውሃው ዓመቱን ሙሉ በአንድ ልክ ከቆመ ፊላ ብቻውን ይወርሰዋል። የሌላው ዕፅዋት ዘር ጭቃው ውስጥ ለዐሥርተ ዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ ለመብቀል ግን ብርሃንና አየር ያገኘ እርጥብ ጭቃ ይሻል። ስለዚህ ከውሃው መውጫ በር ላይ ውሃውን የሚያግደው ጣውላ አንድ በአንድ እየተነሣ ውሃው በቀን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር እንዲወርድ ይደረጋል። በአንዴ ከተለቀቀ ጭቃው ይሰነጠቃል፣ የእንቁራሪት እጭም እዚያው ይቀራል። በዝግታ ሲሆን ግን ባለ ረጅም እግሮቹ ወፎች የውሃውን ጠርዝ እየተከተሉ ይለቅማሉ፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ሲደርስ ደግሞ ዳክዬዎቹ ጭራቸውን ሰቅለው ከሥር መብላት ይችላሉ። ያን ጊዜ ጭቃውን በአካፋ ቆርጦ ላየው ግራጫ ነው፣ መሐል መሐሉን ዝገት የመሰለ ቀይ ጣል ጣል አለበት። ግራጫው ውሃ ተኝቶበት አየር ያጣ፣ ቀዩ አየር የገባበት ነው። መሬቱ ራሱ መሙላትና መጉደሉን ጽፎ ይዞታል!

ጎብኚ ከሚሄድበት የጣውላ መንገድ ላይ የሚታየው ግን ጭቃ ብቻ ነው፤ አዝኖ የሚመለሰውን ሰው አልፈርድበትም።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ለዘሩ የሚመቸው ወቅት ከወፎቹ መራቢያ ጋር ይጋጫል። ጎጇቸውን ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ሣር የሚሠሩ አሉ፤ ውሃው ሲሸሽ ጎጆው ደረቅ ላይ ይቀመጥና ቀበሮ በእግሩ ሄዶ ይደርስበታል። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ይቆይ ከተባለ ደግሞ ቡቃያው ሳይጠነክር ውሃው ተመልሶ ያሰጥመዋል። ዘንድሮ ለየትኛው እናድላ?